ግማሹን ብቻ የተረጎምኩት ዘፈን

በዚያ ዓርብ ጠዋት በእጄ የነበረው መረጃ ሁሉ ትክክል ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ራሴን ለመከላከል አይደለም። ሰው ኪሱን በትክክለኛ መረጃ ሞልቶ ምን ያህል ርቆ ሊሳሳት እንደሚችል ያወቅሁት ያን ቀን ስለሆነ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ፍረዱብኝ፤ መፍረድ እንደሆነ ለብዙ ዓመት የእኔም ሥራ ነበር።

ነገሩ ከሆነ አሥር ዓመት ገደማ ሆኖታል። ያኔ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ጎንደር ሳለሁ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ወደዚህ አገር ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡት አይሁዶች ጋር መጥቼ ረሆቮት ከከተምኩ በኋላ ግን ቂርያት ቫይዝማን በሚባለው የምርምር መንደር ውስጥ የላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢ ሆንኩ። ሳይንቲስቶቹ የሰውን ዕድሜ ለማርዘም ሲደክሙ ይውላሉ፤ እኔ ብልቃጣቸውን አጥባለሁ። ማጠቢያው ማሽን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይተርፈኛል፤ በዚያ ጊዜ አነባለሁ። ያነበብኩት ሲበዛ ዝም ማለት አቃተኝና አንድ አነስተኛ የአማርኛ ሬዲዮ ላይ መጽሐፍ፣ ቴአትርና ዘፈን መገምገም ጀመርኩ። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ስሜ ተካ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን «ተካ መጋዝ» ይሉኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ስሙን አልጠላሁትም።

ያን ሰሞን የመልኬ አዲስ አልበም ወጣ። መልኬ ልጅ ሆኖ ነው የመጣው። ከእኛ ሰዎች መካከል በከተማችን መጀመሪያ ራፕ ያደረገ እሱ ነበር፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በዕብራይስጥ። በአንድ ወቅት የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ፀጉሩን እንደ እሱ ይቆረጥ ነበር። ከዚያ ለአሥራ አንድ ዓመት ጠፋ። አርባ ሊሞላው ሲል፣ የከተማ አውቶቡስ እየነዳ፣ አሥር ዘፈን ይዞ ተመለሰ። ያገኘሁት ሰው ሁሉ አመሰገነው። ሁሉም ሲያመሰግን ደግሞ እኔን ማሳከክ ይጀምረኛል።

አንድን አልበም ሦስት ጊዜ ሳልሰማ አልፈርድም ነበር። አንዴ ሥራ ላይ፣ አንዴ ጋደም ብዬ፣ አንዴ ግጥሙን በወረቀት ይዤ። ለሦስተኛው ከአስተማሪነቴ ዘመን የተረፈኝን ልማድ፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ እጠቀማለሁ። የመልኬ ድምፅ ዕድሜ ጠቅሞታል፤ ይህን በኅዳጉ ላይ ጻፍኩለት። ሁለት ጥፋት ግን አገኘሁበት። አንደኛ፣ አልበሙ ውስጥ አንዲት የአማርኛ ቃል የለችም። አፉን በፈታበት ቋንቋ አፍሯል ብዬ ደመደምኩ። ሁለተኛው ጥፋት ሰባተኛው ዘፈን ነበር። ዋና ስንኞቹን እንዲህ ብዬ ወደ አማርኛ መለስኳቸው፦

ወንድሜ ጎንደር አፈር ለብሶ ተኝቷል፤
እናቴ እዚህ አልጋውን ታነጥፍለታለች።
እኔ በሁለቱ መኝታ መካከል
ጫማዬን አውልቄ ቆሜአለሁ።

እንግዲህ መረጃዬ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። የመልኬን ታላቅ ወንድም ይርጋን በስም አውቀዋለሁ። ቤተሰቡ ሲመጣ ጎንደር ቀርቶ፣ ፈቃድ እየጠበቀ እዚያው ወልዶ ከብዷል። እናታቸውን እማማ ጥሩዬን ደግሞ ከወር በፊት ኩፓት ሆሊም ወረፋ ላይ፣ ሐኪም እየጠበቅን፣ አግኝቻቸዋለሁ። «ይርጋዬ ደህና ነው። ወረቀቱ አለቀለት፤ ለፋሲካ ይገባል» አሉኝ። በገዛ አፋቸው። ስለዚህ ሰውየው ለዘፈን ብሎ በሕይወት ያለ ወንድሙን ቀብሯል ማለት ነው።

ሐሙስ ዕለት ስቱዲዮ ገብቼ ይህንኑ ቀዳሁ። አራቱን ስንኞች ባለኝ አማርኛ ሁሉ አሳምሬ ካነበብኩ በኋላ እንዲህ አልኩ፦ «ዘፈን ማስለቀስ ሲያቅተው ሬሳ ይፈልጋል። ሬሳ የሌለው ከቤቱ ይፈልጋል። የዚህ ሰው ወንድም ግን በሕይወት አለ፤ እናቱ ነግረውኛል።»

አዘጋጇ ሣራ ከመስታወቱ ማዶ ቅንድቧን አነሳች። ሣራ የአሽዶድ ሴት ናት፤ የረሆቮትን ሰው ብዙም አታውቅም።

«ጠንከር አላለም፣ ጋሼ ተካ?»

«እውነት ነው።»

«ውሸት ነው መች አልኩ? ቤሰደር፣ ይሁን። ቅጂውን እልክለታለሁ፤ መልስ ካለው ይስጥ።»

«ላኪለት» አልኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያን ቀን ምሳዬ ጣፍጦኝ እንደ ነበር አስታውሳለሁ።

በማግስቱ ቢሉ ሴንተር አምፖል ልገዛ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ ተካ? መልኬ ነኝ።»

«ሰማኸው?»

«አሁን ሰማሁት። የት ነዎት?»

ነገርኩት። የሚደበቅ ሰው አልነበርኩም፤ እንዲያውም ፊት ለፊት መከራከር እወዳለሁ። ከፍዬ ስወጣ የአውቶቡስ ነጂ ሸሚዙን እንደለበሰ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። እጅ ነሳ። የአምፖሉን ከረጢት ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠሁትም።

«ልለምንዎት ነው የመጣሁት» አለኝ። «አይተላለፍ።»

«መልኬ፣ የለመነኝን ሁሉ ብሰማ ኖሮ እስካሁን ሬዲዮው ላይ የአየር ጠባይ ብቻ ነበር የማወራው።»

«ስለ ሌላው ያሻዎትን ይበሉ። አርጅቷል ይበሉ፣ ዜማ አያውቅም ይበሉ። ሰባተኛውን ብቻ ይተዉልኝ።»

«ዋናው ጥፋትህ እሱ ሆኖ? በቁሙ ያለ ሰው ቀብረሃል እኮ።»

ከጎናችን አንዲት ሴት የገበያ ጋሪዋን እየገፋች እስክታልፍ ጠበቀ።

«ይርጋ ሞቷል» አለ። «ስምንት ወር ሆነው።»

«እናትህ እኮ…»

«አላረዳናትም።»

አንባቢዬ መርዶ ምን እንደሆነ ያውቃል። በእኛ ዘንድ ሞት እንደ ወሬ አይነገርም። ቀን ይመረጥለታል፣ ሽማግሌ ይሰበሰብለታል፣ ሟቹን የወለደው ሰው ብቻውን እንዳይሰማው ይደረጋል። እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ አፉን ይዘጋል፤ ሳቅ ካስፈለገም ይስቃል።

«ልቧን ታማለች» አለ መልኬ። «ሁለቴ ቀጠሮ ሰጥተው አራዘሙባት። አሁን ሰኞ ትገባለች፤ ደረቷን ሊከፍቷት ነው። ሐኪሙ እስከዚያ ምንም እንዳትደነግጥ ብሏል። ስትድን እናረዳታለን ብለን ነው የያዝነው።»

«እማማ ሬዲዮውን ይሰማሉ?»

«ዓርብ ጠዋት የማይሰማ ሽማግሌ ያውቃሉ?»

ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስብኝ ቶሎ መደንገጥ አይሆንልኝም፤ ቀድሞ የሚመጣብኝ ክርክር ነው።

«ታዲያ ለምን ዘፈንከው?» አልኩት። «ምስጢር ከሆነ?»

«የት ላልቅስ?» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ምሳ የምበላው እሷ ጋ ነው፤ ፊቴን ታነበዋለች። አውቶቡሱ ውስጥ ሰው አለ። እሷ በማትሰማው ቋንቋ አለቀስኩ። አማርኛ ያላስገባሁትም ለዚያ ነው፤ አንዲት ቃል ከያዘች ሌላውን ስባ ታወጣዋለች። እርስዎ ደግሞ አራቱንም መስመር ተርጉመው፣ በአማርኛ አሳምረው፣ ለእሷ ሬዲዮ ሰጡልኝ።»

ስንኞቹን ሳሳምር ሐሙስ ዕለት የተሰማኝ ደስታ ትዝ አለኝና ጆሮዬ ጋለ።

«ማን ማን ያውቃል?»

«ሰፈሩ ሁሉ።»

«ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?»

መሬት አየ። ሊነግረኝ አልፈለገም፤ ጊዜ ግን አልነበረም።

«ለቅሶ አይመጡም እኮ፣ ጋሼ ተካ።»

እውነቱን ነው። ለቅሶ ቤት የሐሜት ሸንጎ ነው ብዬ ከጻፍኩ ወዲህ መሄድ ትቼ ነበር። ጽሑፉ ብልህ ነበር፤ ብዙ ሰው አጨብጭቦልኝ ነበር። ያጨበጨቡት ሰዎች ግን ለቅሶ መሄዳቸውን እንዳልተዉ፣ እዚያም እኔ የማላውቀውን ነገር እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ እንደኖሩ ልብ አላልኩም።

ለሣራ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ናት፤ ስቱዲዮ ስትገባ ትዘጋዋለች። የአምፖሉን ደረሰኝ አውጥቼ ጀርባው ላይ «የዛሬውን ግምገማዬን አንስቻለሁ፤ እንዳይተላለፍ። ተካ» ብዬ ጻፍኩና ፈርሜ ለመልኬ ሰጠሁት። በሕይወቴ የጻፍኩት አጭሩ ግምገማ እሱ ነው።

«ያላ፣ ይግቡ» አለኝ መልኬ የመኪናውን በር እየከፈተ። «እኔ ስቱዲዮ እሄዳለሁ። እርስዎን እናቴ ጋ ላውርድዎት።»

«እኔ እዚያ ምን ልሠራ?»

«እህቴ ሥራ ላይ ናት። እኔ ካልደረስኩ እና ነገሩ ከተነገረ ብቻዋን ትሰማዋለች። ሬዲዮውን ዝጊ ብላት አትዘጋም። እርስዎን ግን በአካል ካገኘች ታወራ ይሆናል።»

የቢሉ መስቀለኛ መንገድ በዓርብ ገበያተኛ ተዘግቷል። አውቶቡስ ነጂው በሌሎች መኪኖች ጥሩምባ ላይ የራሱን ሳይጨምር፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቀ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ፣ እሱ መንገዱን እያየ፣ እማማ ጥሩዬ ሕንፃ ሥር ደረስን። ለአራት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀራል።

እማማ ጥሩዬ በሩን የከፈቱት እጃቸው ላይ ዱቄት ይዘው ነው። የሰንበት ዳቧቸው ምድጃ ውስጥ ገብቷል። ነጠላቸውን አስተካክለው አተኩረው አዩኝ።

«ተካ? ሬዲዮ ውስጥ አይደለህም እንዴ?»

«ቀድሞ የተቀዳ ነው፣ እማማ።»

«እኔ እኮ እዚያው ቁጭ ብለህ የምትራገም ይመስለኝ ነበር። ግባ።»

ሬዲዮው ዳንቴል የለበሰ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ይዘፍናል። ከሳሎኑ ወዲያ አንዲት ክፍል በሯ ተከፍቷል። ውስጧ አንድ አልጋ ተነጥፏል፤ ብርድ ልብሱ ላይ የሱቁ የዋጋ ወረቀት እንደተንጠለጠለ ነው። ዓይኔን አይተው «የይርጋ ነው» አሉኝ። «ወረቀቱን አልነቀልኩትም። አዲስ መሆኑን አይቶ ራሱ ይንቀለው ብዬ።»

ጀርባዬን ለክፍሏ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

ወሬ ጀመርኩ። ስለ ልባቸው ጠየቅሁ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ዳቦው። ያልጠየቅሁት ነገር አልነበረም። እሳቸው በየመሐሉ አንድ ጆሯቸውን ወደ መደርደሪያው ይጥላሉ። አራት ሰዓት ሊሞላ ሲል እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ ቆይ። ሰዓትህ ደረሰ። ምን እንዳልክ እንስማ።»

ተነስተው ድምፁን ጨመሩ። እኔ ከሬዲዮው እና ከእሳቸው መካከል ተቀምጫለሁ። ሶኬቱን ልንቀለው? ሬዲዮውን በክርኔ ገፍቼ ልጣለው? የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው እንዲህ ያስባል። የሣራ ድምፅ መጣ።

«የዛሬው የጋሼ ተካ ግምገማ በራሳቸው ጥያቄ ተነስቷል።»

ትንፋሼን መለስኩ።

«በምትኩ ከመልኬ አዲስ አልበም የተዘጋጀውን ዘፈን እንጋብዛችሁ።»

ከግምገማው ጋር ተያይዞ የተዘጋጀው ዘፈን ሰባተኛው ነበር። የሰጠኋት እኔው ነኝ።

«ልጄ ነው» አሉ እማማ ጥሩዬ። ወንበር ስበው ሬዲዮው አጠገብ ተቀመጡ። የመልኬ ድምፅ በዕብራይስጥ ክፍሉን ሞላው። ዝግ ያለ ነው፤ ሰው አጠገብ ተቀምጦ እንደሚያወራ። ለአራተኛ ጊዜ ሰማሁት፤ ያን ቀን ግን ቀይ እስክሪብቶ አልያዝኩም።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«እህ…»

«እሱን ብጠይቀው ‹ስለ መንገድ ነው፣ እማዬ› ይለኛል። አሥር ዘፈን ሙሉ ስለ መንገድ ይዘፈናል? አንተ የተማርክ ነህ፤ ንገረኝ።»

«ስለ አልጋው ነው» አልኩ። «‹እናቴ አልጋውን ታነጥፍለታለች› ይላል። ለወንድሙ።»

«እሱስ እውነት ነው፤ አነጥፋለሁ። ሌላስ?»

«‹እኔ ጫማዬን አውልቄ ቆሜአለሁ› ይላል።»

«ከዚያ በፊት ያለው ነገር ነበር። ጎንደር ሲል ሰማሁት።»

ጎንደር በዕብራይስጥም ጎንደር ነው። መልኬ እንዳለው አንዷን ቃል ይዘዋል።

«‹ወንድሜ ጎንደር…›» አልኩ። «‹ተኝቷል› ይላል።»

አንድ ሐረግ ዘለልኩ። አስተማሪ ሳለሁ ተማሪ ሐረግ ሲዘል በቀይ አሰምርበት ነበር።

እማማ ጥሩዬ ዘፈኑ እስኪያልቅ ዱቄቱን ከጣቶቻቸው አራገፉ፤ አንድ በአንድ።

«ጥሩ ነው?» አሉኝ በመጨረሻ። «ዘፈኑ። መቼም አንተ ታውቃለህ።»

«ጥሩ ነው።»

«አንተ ጥሩ ነው ስትል ዛሬ ገና ሰማሁ።»

«እኔም፣ እማማ።»

ሳቁ። ዳቧቸውን ሊያዩ ተነሱ። መልኬ ደረጃውን እየሮጠ ሲገባ እናቱ ከምድጃው ፊት አጎንብሰው ነበር። መንገድ ላይ በመኪናው ሬዲዮ የትኛው ዘፈን እንደተላለፈ ሰምቷል፤ ፊቱ ላይ ደም አልነበረም።

«ተካ ዘፈንህን ተረጎመልኝ» አሉት ዞር ሳይሉ። «ስለ አልጋው ነው ለካ። አንተ መንገድ መንገድ ትለኛለህ።»

መልኬ አየኝ። እኔ አልነገርኳቸውም ለማለት አንገቴን ነቀነቅሁለት። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።

እማማ ጥሩዬ ሰኞ ሆስፒታል ገብተው ተኙ፤ ሐኪሞቹ ጥሩ አድርገው ጠገኗቸው። ከወር በላይ ቆይቶ መልኬ ደወለልኝ። «ማክሰኞ ንጋት ላይ እናረዳታለን» አለኝ። «እንዲመጡልኝ ነው።» እኔ ምን አገባኝ ልል ነበር። አላልኩም።

ያ ጠዋት ምን ለወጠብህ የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መጋዙን ጥዬ ዘንባባ ይዤአለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። መጥፎውን ዛሬም መጥፎ እላለሁ፤ የዚያው አልበም ሦስተኛና ዘጠነኛ ዘፈን አሁንም ደካሞች ናቸው፣ ለመልኬም ነግሬዋለሁ። ግን አንድ ሰው በሥራው ውስጥ አንድ ነገር ሲተው፣ አማርኛም ይሁን ሌላ፣ አፍሮበት ነው ከማለቴ በፊት ከማን ሊደብቀው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ለቅሶም እሄዳለሁ። ሐሜቱ እኔ እንደጻፍኩት ነው፤ አልቀነሰም። ነገር ግን ሰው አብሮ ዝም ማለትን የሚማረው እዚያ ተቀምጦ ነው፣ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ትችት ሁሉ የሚጀምረው ከማወቅ ነው ስል ኖሬ፣ ሰፈር ሙሉ የሚያውቀውን ነገር ከእማማ ጥሩዬ በቀር የማላውቅ ብቸኛ ሰው እኔ ነበርኩ። ይህን አንባቢዬ ባይረሳልኝ እወዳለሁ፤ በተለይ እርግጠኛ ሆኜ ስጽፍ።

ማክሰኞ ገና ወገግ ሳይል ሕንፃው ሥር ተሰበሰብን። ቄሱ ነበሩ፣ ሦስት ሽማግሌዎች፣ እህቱ፣ ጎረቤቶች። እኔ ከኋላ ሆንኩ። ደረጃውን ስንወጣ የማንም ጫማ አልተሰማም። መልኬ አንኳኳ።

እማማ ጥሩዬ ከፈቱ። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው በር ላይ ካየ በኋላ ያልገባው የእኛ ሰው የለም። ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኹም። ቄሱን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ልጆቻቸውን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው በሰው ሁሉ ትከሻ ላይ አልፎ እኔ ላይ አረፈ።

«ተካ» አሉኝ። «ያን ቀን የዘለልካትን ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?»

ቄሱ ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁልኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና የቀረችውን ሐረግ ነገርኳቸው።